ያውቁ ኖሯል? ሎሚና አቼቶ የፊት መታጠቢያ አይደሉም
የፊት ቆዳ በተፈጥሮው በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የአሲዳማነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ 5 አካባቢ ነው። «እንግዲያማ ሎሚ ምን ይጎዳዋል?» የሚሉ አሉ። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ግን 2 ገደማ ነው፤ በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ ስለሚጨምር፣ ሎሚው ከቆዳው ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ይባስ ብሎ በሎሚ፣ በተለይም በልጣጩ፣ ያሉት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ውሃ ያስቋጥራሉ፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁረትም ይተዋሉ፤ ማድያት ሊያጠፋ የተቀባው ሰው ሌላ ጥቁረት ያተርፋል። «አቼቶውን በውሃ አቀጥነዋለሁ» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ አሲዱ 0.5 በመቶ እስኪሆን በቀጠነ የፖም አቼቶ ክንዳቸውን ከነከሩት 22 ሰዎች አብዛኞቹን ቆዳቸውን ለብልቧቸዋል። ሐኪም የሚያዘው አሲድ መጠኑ የተለካ ነው፤ የጓዳው አይደለም። ተቀብተው ካቃጠለዎት ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ ከፀሐይም ይጠለሉ።