ሦስት ብዜት ይበቃል

ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. የኳንተም ኮምፒውተርን ጥቃት ይቋቋማሉ የተባሉ የምስጢር መጠበቂያ ደረጃዎችን አጸደቀ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኤምኤል-ኬም ውስጡ ሲታይ የሒሳብ ሥራው በአብዛኛው ፖሊኖሚያልን በፖሊኖሚያል ማባዛት ነው። እያንዳንዱ ፖሊኖሚያል 256 ኮኤፊሸንት አለው። በትምህርት ቤቱ መንገድ እያንዳንዱን ኮኤፊሸንት ከእያንዳንዱ ብናባዛ 65,536 ብዜት ይሆናል። ስልክ ይህን ሁሉ በቅጽበት እንዲሠራ ከተፈለገ አቋራጭ ያስፈልጋል።

አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ብዜት ያለ ምልክት፣ በቃላት ብቻ ያስረዳ ነበር። እኔን የሚማርከኝ ግን አቋራጩ የተገኘበት የ1960ው የሞስኮ ታሪክ ነው።

ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሴሚናር ላይ ቁጥሮችን ለማባዛት ከትምህርት ቤቱ ዘዴ በእጅጉ የፈጠነ አይገኝም የሚል ግምቱን አቀረበ። አናቶሊ ካራትሱባ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት ሳምንት ሳይሞላው አፈረሰው። (2ኤክስ + 3)(4ኤክስ + 5)ን እንውሰድ። ዳርና ዳሩን ስናባዛ 8 እና 15 እናገኛለን። መሐሉ ሁለት ተጨማሪ ብዜት የሚጠይቅ ይመስላል። ካራትሱባ ግን 2 + 3ን በ4 + 5 አባዛ፤ 45 መጣ። 8ና 15 ሲቀነሱለት 22 ቀረ። መልሱ 8ኤክስ ስኩዌር + 22ኤክስ + 15 ነው፤ አራቱ ብዜት ሦስት ሆነ። ኤክስ 10 ሲሆን ይኸው 23 × 45 = 1035 ነው። ለ256 ኮኤፊሸንት ዘዴው እየደጋገመ ለሁለት ሲከፍል 65,536ቱ ብዜት ወደ 6,561 ይወርዳል። ኮልሞጎሮቭ ግኝቱን ለሴሚናሩ ራሱ አስረዳ፤ በ1962 የወጣውንም ጽሑፍ በካራትሱባና በሌላ ተመራማሪ ስም ያሳተመው እሱ ነው። ግምቱን ባፈረሰው ወጣት ስም ማሳተሙ ከቀመሩ እኩል ያስደንቀኛል።

ከዚያ የሒሳብ ሊቃውንቱ የቱምና የኩክ ማሻሻያዎች መጡ። በ1965 ኩሊና ቱኪ ያሳተሙት ፈጣን የፉሪየር ስልት ፖሊኖሚያሎቹን በተመረጡ ነጥቦች ላይ አስልቶ፣ ዋጋዎቹን አባዝቶ ወደ ኮኤፊሸንት ይመልሳል። ኤምኤል-ኬም የሚጠቀመው የዚህን ስልት የቅርብ ዘመድ ነው። በ2019 ሃርቪና ፋን ደር ሁቨን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ባለ ኤን አሃዝ ቁጥሮችን ከኤን × ሎግ ኤን ጋር በሚመጣጠን የእርምጃ ብዛት ማባዛት እንደሚቻል አሳዩ። ግሩም ውጤት ነው፤ ማስረጃቸው የሚሠራው ግን የትኛውም ኮምፒውተር ሊይዛቸው ለማይችል ግዙፍ ቁጥሮች ስለሆነ የዕለት ሥራችንን ይለውጣል ብዬ አልጠብቅም። ከዚህ ፍጥነት በላይ መሄድ እንደማይቻልም እስካሁን ያረጋገጠ የለም።