«ዋጋ በኢንቦክስ»፦ ደንበኛን በማኅበራዊ ሚዲያ ስለማናገር ተረትና እውነታ

የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ አንድ የፌስቡክ ገጽ ክፈቱ። ከፎቶው ሥር «ዋጋ?» የሚል ጥያቄ ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ «ኢንቦክስ አድርገናል» የሚል መልስ አለ። ሻጮቹን ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ተፎካካሪ ዋጋችንን እንዳያይ ነው፣ ደግሞም ኢንቦክስ የገባ ሰው ሳይገዛ አይወጣም ይሉኛል።

ተረት ነው። ተፎካካሪማ ዋጋ ማወቅ ከፈለገ ኢንቦክስ ማድረግ አያቅተውም። የሚሸሸው ደንበኛው ነው። ጠይቆ ሳይገዛ መውጣት የሚከብደው ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ዋጋውን ካላየ ዝም ብሎ ያልፋል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ አንዱ ገዢ ዋጋ ሲጠይቅ አጠገቡ የቆመውም ይሰማል፣ ያመዛዝናል፣ ይጠጋል። በኮሜንት የተሰጠ መልስም ሥራው ይኸው ነው፤ ጠያቂው አንድ ቢሆንም አንባቢው ብዙ ነው።

አንዲት የምከታተላት ሻጭ ይህ ገብቷታል። ዋሽንግተን የምትኖር ሴት ከአንድ ቀሚስ ሥር «ይሄ በእጅ ነው በማሽን?» ብላ ጻፈች። መልሱ እዚያው መጣ፦ «ጥለቱ የሸማኔ እጅ ነው እህቴ፤ ጥልፉ ግን የማሽን ነው። የእጅ ጥልፍ ከፈለግሽ ጊዜ ይወስዳል። ለመቼ ነው?»

«ለወንድሜ ሠርግ፣ ለጥር።»

«እንግዲያው ይደርሳል። ቁመትሽን ከትከሻሽ ጀምረሽ ለኪልኝ፤ ስትለኪ በዕለቱ የምታደርጊውን ታኮ ጫማ አድርጊ።»

የማሽኑን ማሽን ማለቷ ዋጋውን ሊቀንስባት ይችል ነበር። ሌሎቹ አንባቢዎች ግን ያመኗት በዚያ ይመስለኛል፤ ከሥሩ ሦስት ሴቶች ስለ ልኬት መጠየቅ ጀመሩ። የታኮ ጫማውን ነገር ደግሞ ቀሚስ አሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው።

«በደቂቃ ካልመለስክ ደንበኛው ሄደ» የሚለው ሌላው ተረት ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ከላይ ያለው መልስም የተጻፈው ሲነጋ ነበር። ማንም አልተቀየመም። የሚያስቀይመው ስለ ጥልፍ ለጠየቀ ሰው ወዲያው «ውድ ደንበኛችን፣ ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» የሚል አውቶማቲክ መልስ መላክ ነው። ቦት የሥራ ሰዓትና አድራሻ ይናገር፤ የተጠየቀውን ሰው ያንብበው።

«ላይክ፣ ሼር፣ አምስት ጓደኛ ታግ አድርጉ» ማለትስ? ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ እንዲህ የሚለምኑ ልጥፎችን ወደ ታች እንደሚያወርድ አስታውቋል። በጥር 2018 ደግሞ በሰዎች መካከል እውነተኛ ውይይት ለሚያስነሱ ልጥፎች ቅድሚያ እሰጣለሁ አለ። በቴሌግራም ነገሩ ይለያል፦ ቻናሉ ከመወያያ ግሩፕ ጋር ካልተያያዘ ከልጥፉ ሥር ኮሜንት መጻፊያ የለም። በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ይዘው ይህን ያላያያዙ ሻጮች አሉ፤ ከዚያ «ሰዉ ዝም አለን» ይላሉ።

መጨረሻ ላይ የማነሳው በጣም የሚያናድደኝን ነው፤ መጥፎ ኮሜንት ማጥፋት ስምን ይጠብቃል የሚለውን። አንድ ጊዜ ከአንድ ገጽ ለእናቴ ነጠላ ገዛሁ። የጥለቱ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ለቆ ነጩን አበላሸው። ሳልሳደብ ከፎቶው ሥር ጻፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኮሜንቴ ጠፋ። «በሙቅ ውኃ ነው የታጠበው?» ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ አዎ፣ በሙቅ ውኃ ነበር፤ ጥፋቱ የኔም ሊሆን ይችላል። ሌላውም አንባቢ ነጠላ በቀዝቃዛ ውኃ እንደሚታጠብ እዚያው ይማር ነበር። ያን ዓመት ለፋሲካ ለእናቴ ሌላ ነጠላ የገዛሁት ጥልፉ የማሽን ነው ካለችው ሴት ነው።