21 ቀን፣ 8 ሻንጣ፦ ከኢንግልዉድ ለኢትዮጵያ ጉብኝት ስንነሳ

ኢትዮጵያ ራሷን ለጎብኚዎች ስታስተዋውቅ የኖረችበት አንድ የታወቀ መፈክር አለ። በእንግሊዝኛ «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» እንደማለት ነው። ያወጡት የአገሪቱ የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ ጊዜው 1960ዎቹ ነበር። በአማርኛ ግን ያው መፈክር «የ13 ወር ጸጋ» ይላል። ፀሐይ የሚል ቃል የለበትም። ጸጋ በረከት ማለት ነው፤ ለገበሬ ደግሞ ዝናብም ጸጋ ነው። በጁላይ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የምትወርዱ ከሆነ የአማርኛውን መፈክር ማመን ይሻላችኋል።

ሌላም አሳሳች ቃል አለ። ክረምት የሚለውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉ «ዊንተር» የሚል ታገኛላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው። ደረቁና ፀሐያማው ወራት በጋ ይባላል። ስለዚህ እዚህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቁምጣ ለብሰው ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ፣ እዚያ ክረምት ገብቷል። ኢንግልዉድ ውስጥ በጁላይ ዝናብ አይታወቅም፤ የዝናብ ልብስ የሌለው ልጅም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በጁላይና በኦገስት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይዘንባል፤ ቀን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሌሊት ደግሞ 10 ገደማ ነው።

ታዲያ መቼ ይሻላል? በዲሴምበር እረፍት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል፣ ትምህርት ቤት ካልተከፈተ፣ በዓሉን ላሊበላ ላይ ማክበር ይቻላል። ችግሩ እረፍቱ አጭር ነው፤ የላሊበላ ሆቴሎችም ለገና ቀድመው ይያዛሉ። በክረምት ደግሞ መሬቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ሞልቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ኦገስት 19 ቡሄ ነው፤ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ፣ እየጨፈሩ በየቤቱ ይዞራሉ፣ ሙልሙል ዳቦም ይሰጣቸዋል። የሚያሳዝነው ብዙ የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ከቡሄ በፊት መከፈታቸው ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ እኔ ከልጆች ጋር ብሄድ ክረምቱን እመርጣለሁ። ዝናቡን የዝናብ ልብስ ይመክተዋል፤ የቀን ማነስን የሚመክት ነገር ግን የለም።

ትልቁ ጥያቄ ግን የአየር ጠባይ ሳይሆን ቀኖቻችንን ማን ይወስዳቸዋል የሚለው ነው።

21 ቀን አላችሁ እንበል። መሄጃና መመለሻው ወደ ሦስት ቀን ይወስዳል። በሎስ አንጀለስና በአዲስ አበባ መካከል በበጋው የ11፣ በክረምቱ የ10 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እንቅልፍ እስኪስተካከል ሌላ ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። ወደ 15 ቀን ቀራችሁ። አሁን የዘመዶቻችሁን ቤት ቁጠሩ፦ ቦሌ አክስት፣ ሳሪስ አጎት፣ ኮተቤ የእናታችሁ አብሮ አደግ፣ አየር ጤና የአባታችሁ ታላቅ ወንድም። በአንድ ቀን ሁለት ቤት እንሄዳለን ብላችሁ አታስቡ። ምሳ ይቀርባል፤ ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ከበረካው በፊት መነሳት ደግሞ ነውር ነው። አንድ የማውቀው የኢንግልዉድ ቤተሰብ ከሦስት ሳምንት በኋላ የ14 ሳሎን ፎቶ ይዞ ተመልሷል። ልጆቹ ድንቅነሽን እንኳን አላዩም፤ ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ ከአራት ኪሎ ብዙም አይርቅም።

ዘመድ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ማለቴ አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ የጉዞው ዋና ምክንያት እሱ ነው፤ አያት በሕይወት ካሉ በተለይ። ነገር ግን አገር ማየትም ከፈለጋችሁ፣ የአገሩ ቀኖች ከሎስ አንጀለስ ሳትነሱ መያዝ አለባቸው። አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ የተከፈተ ቀን አይኖራችሁም። የአገር ውስጥ በረራውን ቀድማችሁ ቁረጡ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የምትገቡ ከሆነ ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ስላለ፣ ሁለቱን አብራችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለአክስታችሁ ደውሉ። ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እትዬ፣ በአምስተኛው ቀን ላሊበላ እንሄዳለን።»

«ላሊበላ የት ይሄድባችኋል ልጄ? መጀመሪያ እኔ ዘንድ እህል ቅመሱ እንጂ።»

«ትኬቱን ቆርጠናል እትዬ። ቅዳሜ እንመለሳለን። ዘመዱ ሁሉ ቅዳሜ እርስዎ ቤት ቢሰበሰብስ?»

«እንዲያ ከሆነ ዶሮውን ለቅዳሜ አደርገዋለሁ።»

«ቆርጠናል» የሚለውን ልብ በሉ። «ልንቆርጥ ነው» ብትሉ ኖሮ ክርክሩ አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሁሉንም ዘመድ በአንድ ቤት መሰብሰቡ ደግሞ አራት አምስት ቀን ያተርፍላችኋል፤ አክስትየዋም ክብሩን ይወዱታል።

ወዴት መሄድ እንደሚቻል ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። በክልሉ ከ2023 ጀምሮ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ሲካሄድ ቆይቷል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ማስጠንቀቂያውን ክልል በክልል ይጽፋል፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊትና ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት። ከተማው ውስጥ የሚኖር ሰውም ጠይቁ። በመኪና ረጅም መንገድ አትውጡ። አይሆንም የሚል ምክር ካገኛችሁ አትሂዱ። ሁለተኛ ዕቅድ ከመጀመሪያው ይኑራችሁ፦ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት የሐረር ጀጎል ግንብና ማታ ማታ ጅብ የሚመገብበት ቦታ፣ ወይም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚታዩት የጢያ ትክል ድንጋዮችና በዚያው መንገድ ያለችው አዳዲ ማርያም። የእነዚህንም መንገድ ሁኔታ ጠይቁ። አዲስ አበባ ራሷ ከሙዚየሙ ሌላ እንጦጦና አንድነት ፓርክ አሏት።

አሁን ወደ ሻንጣው። ብዙውን ጊዜ አንድ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ለአራት ሰው ቤተሰብ 8 ሻንጣ፣ 184 ኪሎ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር አንድ ምሳ ብትበሉ ጉዟችሁ ይሰማል። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። ለእናቴ መድኃኒት፣ ለእህቴ ልጅ ጫማ፣ ለወንድሜ ስልክ። ይህ ዕቃ አደራ ይባላል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል፤ አደራውን ያላደረሰ ሰውም «አደራ በላ» የሚል ስም ይወጣለታል። ስለዚህ ገደቡን ቀድማችሁ ወስኑ። እኔ ግማሽ በግማሽ እላለሁ፦ አራት ሻንጣ ለአደራ፣ አራት ለራሳችሁ። የአደራው ሻንጣ ሲሞላ «ሞልቷል» ማለት እምቢ ማለት አይደለም፤ ሚዛኑን ማሳየት ይቻላል። የታሸገ ዕቃ ግን ሳትከፍቱ አትቀበሉ፤ ማንም ይስጣችሁ ማን። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ማን እንዳዘጋጀው የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

በራሳችሁ ሻንጣ ውስጥ የዝናብ ልብስና ሹራብ ይቅደሙ። ጫማ የማያንሸራትትና በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ላሊበላ 11 ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በእያንዳንዱ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ደረጃውና መተላለፊያው ደግሞ በዝናብ ያዳልጣል። ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ከቅዝቃዜውም ከቁንጫውም ይከላከላል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም በደመና ቀንም ያስፈልጋል፣ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ነጠላ ከዚህ ገዝታችሁ አትሂዱ፤ ሽሮ ሜዳ ምርጫው የትየለሌ ነው። የአገር ውስጥ በረራ የሻንጣ ክብደት ያነሰ ስለሆነ፣ ትልልቆቹን አክስታችሁ ቤት ትታችሁ በትንንሾቹ ተጓዙ።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የስልክና የኮምፒውተር ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የፀጉር ማድረቂያ ግን ይቃጠላል፤ እዚሁ ይቅር። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባት አይቻልም፤ እሱም ይቅር።

ሰዓት ደግሞ እንደ እኔ ፕሮግራም ጻፊ የሆነን ሰው ራስ የሚያዞር ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ሹፌሩ «ነገ 12 ሰዓት ላይ እንነሳ» ካለ ጠዋት 6 ሰዓት ማለቱ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን በአሜሪካው አቆጣጠር ይጻፋል። ቀጠሮ ስትይዙ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይስቅባችሁም፣ እዚያም ሰዎች ይጠያየቃሉ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ይሁን። ቪዛ በኢንተርኔት ይገኛል። ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ግን «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ያ ካለ ቪዛ አያስፈልግም። የኢትዮጵያን ቆንስላ ጠይቁ፤ የወላጆቻችሁን የድሮ ሰነድም ከአሁኑ ፈልጉ፣ ጊዜ የሚፈጀው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቃት ወባ አያሰጋም። እንደ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ላሉ ዝቅ ያሉ ቦታዎች ግን ከአንድ ወር በፊት ሐኪም አማክሩ።

የአደራው አራት ሻንጣ ስትመለሱ ባዶ ይመስላችኋል። አይሆንም፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና የተቆላ ቡና ይሞላዋል። ሎስ አንጀለስ ስትደርሱ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ አስመዝግቡ። ሥጋ አይገባም፤ አክስታችሁ በስንት ልፋት ያዘጋጁትን ቋንጣ እዚያው አብራችኋቸው ብሉ።