ጌጁ ነው ወይስ ሞተሩ?

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ «የኦም ሕግ ለኑሯችን ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀርብልን በዚህ እትም አንድ የመኪና ብልሽት ይዘን ቀርበናል። ለምሳሌ የመረጥነው ትራያምፍ ቲ አር 6 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1976 እንግሊዝ አገር የተሠራ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና። በካምፓችን አቧራ ላይ እንደማይታይ እናውቃለን። ሆኖም የድሮው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 የሙቀት መለኪያም በዚሁ ዘዴ ስለሚሠራ አንዱን ያወቀ ሌላውን ይደፍራል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ በኩል ወደ ቮልቴጅ ማረጋጊያ ይገባል። የባትሪው ቮልቴጅ ሞተሩ ሲሠራ ከ12 ወደ 14 ገደማ ስለሚወጣ ማረጋጊያው እየቆረጠና እየቀጠለ በአማካይ ወደ 10 ቮልት ያወርደዋል። ከዚያ ወደ ጌጁ፣ ከጌጁ በአንድ ሽቦ ሞተሩ ላይ ወዳለው ሴንሰር፣ ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል፤ መካኒኮች ይህን ብረት ማሳ ይሉታል። ሴንሰሩ እንደ ተራ ሽቦ አይደለም፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው በሞቀ ቁጥር ብዙ ከረንት ያልፋል። ያ ከረንት ጌጁ ውስጥ ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቆ የተሠራ ስስ ቅጠል ያሞቃል፣ ቅጠሉ ሲጎብጥ መርፌውን ይገፋል። መርፌው ቀስ የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጌጁ ዋሸ ከማለታችን በፊት ሞተሩን እንይ። መርፌው ወደ ሙቅ ከወጣ መኪናውን አቁሙ፤ ሳይበርድ ግን የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኩ። ውሃው ግፊት ስላለበት ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል፣ መርፌው «ቀዝቃዛ ነው» እያለ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የሞተር መጥፊያው ይሄ ነው።

ውሃው ሙሉ ከሆነ የነዳጁን ጌጅ ተመልከቱ። እኛ ከሁሉ የምንወደው ምርመራ ይህ ነው፤ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም። ሁለቱ ጌጆች ከአንድ ማረጋጊያ ስለሚመገቡ አብረው ከሞቱ ፊውዙንና ማረጋጊያውን እንጠረጥራለን። አብረው ከመጠን በላይ ካሳዩ ደግሞ የማረጋጊያው ማሳ ዝጎ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ማሳ ያጣ ማረጋጊያ መቁረጡን ትቶ የባትሪውን ቮልቴጅ በሙሉ ይለቀዋል። አንዳንዴ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማጥበቅ ብቻ ይበቃል።

የነዳጁ ደህና ሆኖ የሙቀቱ ብቻ ካስቸገረ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉ። መርፌው ወደ ቀዝቃዛ መውረድ አለበት። ሙቅ ላይ ከቀረ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል፣ ወይም መርፌው ራሱ ተጣብቋል። ቀጥሎ የሽቦውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ። መርፌው መነሳት ሲጀምር ወዲያው አላቁት፤ ሴንሰሩ ስለሌለ ብዙ ከረንት ያልፋል፣ ከቆየ ጌጁን ያበላሻል። መርፌው ከተነሳ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ተጠርጣሪው ሴንሰሩ ነው። ካልተነሳ ወይ ሽቦው ተበጥሷል ወይ ጌጁ ሞቷል። እንግዲህ ይህን ሳያዩ አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሴንሰሩን ለመመርመር ሞተሩ ሲበርድ ፈትቶ ጫፉን ድስት ውሃ ውስጥ መንከርና ውሃውን ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። የቴስተሩን አንድ ሽቦ ከራሱ፣ ሌላውን ከአካሉ ጋር አገናኙ። ኦሙ ሳይዘል እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ ንቅንቅ ካላለ በቃ፣ ሞቷል። ሲመለስ ጥርሱ ላይ የቧንቧ ቴፕ አታብዙ፣ ማሳውን ይከለክለዋል።

መኪና ባይኖርም ይህን የመጨረሻውን ክፍል ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ከጋራዥ የተጣለ ሴንሰር፣ ቴስተር፣ ቴርሞሜትርና ድስት ይበቃሉ። ቴርሞሜትር ከሌለ ግን ውሃው ስለፈላ ብቻ 100 ብላችሁ አትጻፉ፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በየ10 ዲግሪው ኦሙን መዝግባችሁ ግራፉን ሳሉ። ቀጥ ያለ መስመር አይወጣላችሁም፤ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ኋላ ይለዝባል። መርፌው የቱ ጋ ይበልጥ እንደሚፈጥን ከግራፉ ላይ እንዲያሳዩ ተማሪዎቹን ጠይቋቸው።