ጉጉቷ ሳትደነግጥ

እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ልቡ ግን ወፍ ላይ ነበርና፣ በጣናና በዓባይ ዙሪያ ሲጓዝ የወፍ ናሙና ይሰበስብ ነበር። በዚያ ዘመን ወፍን ማጥናት ማለት ተኩሶ መጣል፣ ቆዳዋን ገፎ ማድረቅ ነበር። ዛሬ በዚያው በአዊ ምድር ካሜራ የያዘ ሰው ደም ሳያፈስ ብዙውን ሊያሳየን ይችላል። ከወፎች ሁሉ ትዕግሥቱን የምትፈትነው ደግሞ ጉጉት ናት።

ፍለጋው በቀን ይጀመራል፤ ዓይንም መጀመሪያ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። በእንጅባራ አቅራቢያ የዘንገናን ሐይቅ በከበበው ዓይነት ደን ውስጥ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ባሉ አሮጌ ዛፎች ሥር፣ ኖራ የፈሰሰበት የሚመስል ኩስ ካገኙ ቀስ ብለው ቀና ይበሉ። እዚያው አጠገብ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ነገር ወድቆ ይሆናል። ጉጉት አይጥን ሳታላምጥ ትውጥና ሆዷ ያልፈጨውን ጠቅልላ ትተፋዋለች። ድብልብሉን በስንጥር ፈልቀቅ ሲያደርጉት ከፀጉሩ መሀል ትንሽ መንጋጋ ከነቢጫ የፊት ጥርሱ ይወጣል። «ጉጉት ጮኸች፣ ሰው ሊሞት ነው» ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ ገበሬ ይህን ባየልኝ እላለሁ፤ ያ መንጋጋ ጎተራውን ሲቦረቡር የኖረው ሊሆን ይችላልና።

ዋናው ሥራ ከቀኑ 12 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያኔ ጉጉቷ ትነቃለች፤ ብርሃኑ ግን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ከሩቅ መቆም ይችላል። ቅርንጫፍ ላይ ያለች ጉጉት ለረጅም ጊዜ ስለማትነቃነቅ፣ ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከተተከለ በሴኮንድ 1/30ኛ ፍጥነትም ጥርት ያለ ምስል ይገኛል። የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን (አይኤስኦ) ከፍ ሲል ምስሉ ይሻክራል፤ ይሻክር። ለጨለማ የተከፈተ ዓይን ላይ ፍላሽ ከማብራት ሻካራው በስንት ጣዕሙ!

ድምፅም እንደ ፍላሹ ይረብሻታል። ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው ነጣ ያለችው ጉጉት አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ከፍ ብሎ ስለተሠራ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አይጥን በኮሽታዋ ብቻ ለይታ ትይዛለች። እንዲህ ላለ ጆሮ የካሜራ ቀጭታ ትልቅ ጩኸት ነው። የተቀዳ የጉጉት ድምፅ በስልክ ማሰማት ደግሞ የባሰ ነው፤ ባላጋራ ግዛቴን ደፈረ ብላ አደኗን ወይም እንቁላሏን ትታ ትነሳለች።

ብዙ ሰው የሚመኘው ጉጉቷ ዓይኗን አፍጥጣ ሌንሱን ስታየው ማንሳት ነው። እኔ ግን ያንን ፎቶ ሳይ ደስ አይለኝም። በአገራችን ስም የምትጠራውን የአቢሲንያ ጉጉት የመሰሉት፣ ጆሮ የሚመስለውን ላባቸውን አቁመውና ገላቸውን አቅጥነው ካፈጠጡ፣ ፎቶ አንሺው ከልክ በላይ ቀርቧል ማለት ነው። ቬሮ የሚባለው የአፍሪካ ትልቁ ጉጉት የዓይኑ ቆብ ሮዝ ነው። ቆቡ ደምቆ የሚታየው ዓይኑን ሲከድን ነው፤ የሚከድነው ደግሞ ሲያንቀላፋ። ርቆ ተቀምጦ ያቺን ሮዝ ቆብ ያነሳ ሰው፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድም ጉጉቱ እንዳንቀላፋ ነው።