ፋይሉ ሳይጠፋ «ጠፋ» ሲባል

በየማትናሱና በየመርካዝ ክሊታው የኮምፒውተር ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቃል አለ፤ «ጠፋ!» የሚል። ትናንት በዕብራይስጥ ብዙ ተለፍቶበት የተጻፈው ኮሮት ሐይም ዛሬ ሲፈለግ አይከፈትም። የሥራ ማመልከቻው ቀን ደግሞ ነገ ያበቃል። ባለቤቱ ይደነግጥና ከመጀመሪያው መጻፍ ይጀምራል።

ወላጆችንም ተማሪዎችንም የምንለምነው እንደገና ከመጻፋችሁ በፊት ቆም እንድትሉ ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ፋይሉ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ በፊታችሁ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም፤ ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት፣ በዕብራይስጥ «ሻራት» በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በደህና አለ። የተቋረጠው በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

መጀመሪያ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። ለእርሱ የጋራው ፎልደር ከተከፈተለት ሻራቱ ደህና ነው፤ ችግሩ ከእናንተ ኮምፒውተር ወይም ከመግቢያ ስማችሁ ነው። ለማንም ካልተከፈተ ግን የራሳችሁን ኮምፒውተር ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ትርፉ ድካም ነው። ሻራቱና ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን መብራታቸው መብራቱ ይታይ።

ቀጥሎ የእምቢታውን ዓይነት መለየት ነው። ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ቤቱን ሊያጣው ይችላል፤ ቤቱን ቢያገኝ ዘበኛው «አላውቅህም» ሊለው ይችላል፤ ዘበኛው ቢያስገባው ደግሞ ጓዳው ሊዘጋበት ይችላል። ዊንዶውስም እንደዚሁ ነው። ቴክናዩ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ሲሞክር 53 ቁጥር ከመጣ ቤቱ አልተገኘም፤ 86 ከመጣ የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም፤ 5 ከመጣ ፈቃድ የለም ማለት ነው። «ሃጊሻ ኒድኻታ» የሚለው የዕብራይስጥ መልእክትም ይኸው 5 ቁጥር ነው።

ቤቱ ካልተገኘ ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚሰጠውን መሣሪያ አላገኘውምና ለራሱ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው። ሻራቱ በቁጥር ሲጠራ ተከፍቶ በስም ሲጠራ እምቢ ካለ፣ መንገዱ ደህና ነው፤ የተበላሸው የስም ፍለጋው ነው።

በእኛ ሰው ላይ በብዛት የምናየው ግን የይለፍ ቃሉን፣ ማለትም የ«ሲስማ»ውን ጣጣ ነው። ሲጻፍ በነጥብ ስለሚሸፈን፣ የፊደል ገበታው በዕብራይስጥ ይሁን በላቲን አይታይም። ሰውየው ቃሉን በትክክል ያውቀዋል፣ ጣቶቹም በትክክል ይመታሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ይቀበላል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ በኋላ «ረስቼው ይሆን?» ብሎ ራሱን ይጠራጠራል። በስክሪኑ ግርጌ ያለውን የቋንቋ ምልክት ማየት ይበቃል። ቃሉ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ የድሮውን አስቀምጦ እርሱኑ እየላከ ሊሆን ስለሚችል፣ የተቀመጠው ይሰረዝ።

የፈቃዱ ጉዳይ የኃላፊው ሥራ ነው። የዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ለማጋራቱ፣ ሌላው ለፎልደሩ ለራሱ። ከሁለቱ ጠበብ ያለው ይጸናል። አንዱን ከፍቶ ሌላውን የረሳ ቴክናይ «እኔ ከፍቻለሁ» ብሎ ቢከራከር አትገረሙ።

አዲስ ኮምፒውተር ከአሮጌ ሻራት ጋር አልግባባ ሲል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋይል መጋሪያው ቋንቋ ኤስ ኤም ቢ ይባላል። ብዙ ትናንሽ ሻራቶች የሚናገሩት ሳምባ በተባለ ፕሮግራም ነው፤ ስሙ ከእኛ ሳምባ ጋር ዝምድና የለውም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያወከው በዊንዶውስ ላይ ባለው በዚህ ቋንቋ የመጀመሪያ እትም ቀዳዳ ገብቶ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የወጣው ዊንዶውስ 10 ያንን እትም በአብዛኛው ሳይጭን መምጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ እትም ደግሞ ያለ ሲስማ በእንግድነት መግባትን አስቀድሞ ዘግቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «አሮጌውን እትም ልክፈትላችሁ» ወይም «ሲስማውን ላንሳው» የሚል ፈጣን መፍትሔ ቢቀርብ አትቀበሉ። በዚያ ፎልደር ውስጥ የመታወቂያችሁና የሕክምና ወረቀታችሁ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ሻራቱ ይታደስ ማለት ይሻላል።

ለቴክናዩ ስትነግሩ «አይሠራም» ብቻ አትበሉ። መልእክቱን ከነቁጥሩ፣ የተቀመጣችሁበትን ኮምፒውተርና ሰዓቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ማመልከቻው ዛሬውኑ የሚላክ ከሆነም ኃላፊው ፋይሉን ከሻራቱ ላይ በዲስክ ኦን ኪ ገልብጦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።