እንቁላል በእግሩ የሚሄድበት ቅዳሜ

በጅማም ይሁን በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ይሁን በየቡ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅዎ አጠገብዎ ቆሞ፣ «እማዬ፣ ስልክሽን ለዛሬ አውሺኝ፤ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የሙዚቃ ክሊፕ ልንሠራ ነው» ቢልዎት ምን ይመልሳሉ? ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚታየን የሚሰበር ስልክና የሚባክን የጥናት ሰዓት ነው። ልጁ ቀጥሎ፣ «ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው የለም፤ የሚጨፍረው ቡናው ነው» ካለዎት ግን ቆም ብለው ያዳምጡት።

ልጁ ያሰበው ስቶፕ ሞሽን የሚባለውን የአኒሜሽን ዓይነት ነው። በደንብ ከታቀደ ውድ ካሜራም ሆነ ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ አንድ ስልክና በቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ይበቃዋል። ሳይታቀድ ከተገባበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ይቋረጣል። ልጆቹ የሚቀርባቸውም ክሊፑ ብቻ አይደለም፤ ያሰቡትን ነገር ጨርሶ የማየት ደስታም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው ከመጀመሪያዋ ፎቶ በፊት በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ዘዴው ምንድን ነው?

አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በጥቂቱ ይገፋና እንደገና ይነሳል። ፎቶዎቹ በተርታ በፍጥነት ሲታዩ ዕቃው በራሱ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። እንዲያውም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መልመጃ የለም። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ በ24 ፎቶ እንዲሻገር ያድርጉ። ፎቶዎቹ በሰከንድ 12 ሆነው ሲታዩ እንቁላሉ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ይጓዛል። ይህን የሠራ ልጅ የቀረውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዘዴው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ ኑሮውን በኒው ዮርክ ያደረገው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተሰኘ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩ ብዙዎቻችን የምናውቀው የታክሲ ቀልድ ነው። አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ትወርዳለች፤ ፍየል ሳትከፍል ታመልጣለች፤ ውሻ ደግሞ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ታክሲው ይሄዳል። ለዚህም ነው ይባላል፣ መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገዱ የማትነቃነቀው፣ ፍየል የምትሸሸው፣ ውሻ ደግሞ እየጮኸ የሚያሯሩጠው። ዕዝራ ይህን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ነው፤ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ይሥላል።

ከልጆች ጋር በተያያዘም ሌላ ምሳሌ አለን። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ስቶፕ ሞሽን ሳይሆን የአሻንጉሊት ዝግጅት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች ከካልሲ የተሠሩ ነበሩ፤ ዝግጅቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን እስከ ማግኘት ደርሷል። ሁለቱም የሚያሳዩን አንድ ነገር ነው። ዕቃው ተራ ቢሆንም ታሪኩ ሰው የሚያውቀው ከሆነ ተመልካች ይከተላል። የጅማና የአካባቢዋ ልጆች ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት ቡናን ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ልጆች ስለ ቡና ሲያስቡ ቶሎ የሚመጣላቸው የእረኛው የካልዲና የሚጨፍሩት ፍየሎች ታሪክ ነው። በጎማ ወረዳ የጮጬ ነዋሪዎች የቡና መገኛ የእኛ መንደር ነው ይላሉና ምርጫው ተገቢ ይመስላል። ለጀማሪ ግን ከባድ ነው። አንድ ፍየል አራት እግር አላት፤ አምስት ፍየሎች ሃያ እግር ይሆናሉ። ለእያንዳንዷ ፎቶ ሃያ እግር ማንቀሳቀስ የአዋቂንም ትዕግሥት ይፈትናል። ፍየሎቹ ለሁለተኛው ክሊፕ ይቆዩ።

እግር የሌለው ገጸ ባሕርይ የቡና ፍሬ ነው። የፍሬዋ ጉዞም በራሱ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው፣ ቀይ እሸት ቡና ከቅርንጫፉ ወርዶ ተሰልፎ ወደ ቅርጫት ይገባል። በሁለተኛው፣ ፍሬው ምጣድ ላይ ይቆላል። በሦስተኛው፣ ጀበናው ጎንበስ ይላል፣ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይጨፍራሉ። አቦል፣ ቶናና በረካ ብለው ቢሰይሟቸው ሦስቱ ዙሮች የዘፈኑ ሦስት ግጥሞች፣ የሥራው ደግሞ ሦስት ቅዳሜዎች ይሆናሉ።

ሒሳቡ ይቅደም

ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በሰከንድ 12 ፎቶ ከተሠራ 2,160 ፎቶ ይፈልጋል። ብዙ የተማሪ ሥራ የሚቀረው ይህ ቁጥር ቀድሞ ስላልታየ ነው። «ዋላስ እና ግሮሚት» የተባሉትን ዝነኛ የሸክላ ጭቃ ገጸ ባሕርያት የፈጠረው እንግሊዛዊው ኒክ ፓርክ የመጀመሪያ ፊልማቸውን በ1982 እ.ኤ.አ. ገና ተማሪ ሳለ ጀምሮ ያጠናቀቀው በ1989 ነው። ሰባት ዓመት! የእኛ ልጆች ግን ያላቸው ጥቂት ቅዳሜ ነው።

ስለዚህ ክሊፑ አንድ ደቂቃ ይሁን። አንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ነው፤ ለሦስቱ ግጥሞች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድና 240 ፎቶ ይደርሳል። በደቂቃ ሁለት ፎቶ ቢነሳ አንዱ ግጥም በሁለት ሰዓት ያልቃል። ዕቃ ማሰናዳቱና ስህተት ማረሙ ሲጨመር ግማሽ ቀን ማለት ነው።

ከፎቶው በፊት ዘፈኑ ተቀድቶ ማለቅ አለበት፤ እንቅስቃሴው የሚቆጠረው በምቱ ነውና። ልጆቹ እያጨበጨቡ ይለኩት። በ10 ሰከንድ 15 ጭብጨባ ከሆነ ዘፈኑ በደቂቃ 90 ምት አለው፤ ለአንድ ምት 8 ፎቶ፣ ለአንዱ ግጥም ደግሞ 30 ምት ይደርሳል። በችክችካ ለሚዘፍኑም ስሌቱ ይገጥማል። በስድስት የሚከፈለው አንዱ ዙር አንድ ሰከንድ ከፈጀ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ፎቶ ይሆናል።

ከዚያ ሦስት የደብተር ገጾች ይዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 30 ሳጥን ይሠመር። አንድ ሳጥን አንድ ምት ነው። በየሳጥኑ በዚያ ምት ላይ የሚታየው ነገር በእርሳስ ይሣል። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ክብ ፍሬና ቀስት ይበቃል። ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ እዚያ ቦታ ላይ ገና አልታሰበም ማለት ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ከመጨቃጨቅ ወረቀቱ ላይ መጨቃጨቅ ይሻላል።

ዘፈኑ የማን ነው?

የታወቀ ድምፃዊ ዘፈን መውሰድ ያጓጓል። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማና የግጥም ደራሲዎችንና የድምፃውያንን መብት ያስከብራል፤ ክሊፑን ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃዳቸው ያስፈልጋል። አጭሩ መንገድ ልጆቹ የራሳቸውን ግጥምና ዜማ ማውጣታቸው ነው። በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሁለቱም እያፈራረቁ መሆን ይችላል። ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ጥሩ ከበሮ ነው። በሩን ዘግቶ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ በስልክ መቅዳት የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል።

የቡና ምስጢሮች

ቡና እንደ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ባለበት አይቆይም። ዛሬ የተለቀመ ቀይ እሸት በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል። ስለዚህ የአቦሉ ክፍል በተጀመረበት ቀን ማለቅ አለበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚቀጥል ከሆነ ፍሬው መሃል ላይ ቀለም ይቀይራል፣ ተመልካችም ያስተውላል።

በቶናው ክፍል ግን ይኸው የቀለም ለውጥ ጥቅም ላይ ይውላል። ቡናውን አዋቂ ይቁላ። ከጥሬው ጀምሮ እስኪጠቁር ድረስ በየመሃሉ አንድ እፍኝ እየተነሳ በአሥር ወረቀት ላይ በተርታ ይቀመጥ። ከቀዘቀዘ በኋላ ልጆቹ ሌላ ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ አሥሩን እፍኝ በቅደም ተከተል እየተኩ ያነሳሉ። በየምቱ አንዱ እፍኝ ሲተካ ቡናው ከዘፈኑ ጋር እየተቆላ ይታያል፤ ልጅም እሳት አጠገብ አይደርስም።

በበረካው ክፍል እውነተኛ ቡና መቅዳት አይሞከርም፤ ፈሳሽ ፎቶ እስኪነሳ አይጠብቅም። ከጀበናው አፍ እስከ ሲኒው በጥቂቱ የሚረዝም ቡናማ ክር ቡናውን ይተካል፤ ተበጥሮ የሳሳ ጥጥ ደግሞ እንፋሎቱን። የኋላ ሥዕሉን ልጆቹ በካርቶን ላይ ይሣሉት። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነሰገነቱ ለዚህ ይመቻል።

ስልኩ፣ ብርሃኑና እጆቹ

ስልኩ ከተነቃነቀ ሁሉም ይበላሻል። ማቆሚያ ከሌለ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን በፕላስተር ማሰር ይቻላል። የበርጩማው እግርና የጠረጴዛው እግር ያረፉበት ቦታ በጠመኔ ይከበብ፤ ቢነካ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። 200ኛው ፎቶ ላይ አክስት ብትደውል ንዝረቱ ብቻ ምስሉን ያዛባል። በብዙ ስልኮች ላይ የጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ፎቶ ስለሚያነሳ ስልኩን ሳይነኩ መሥራት ይቻላል። «ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ» የተባለው መተግበሪያ ነፃ ቅጂ አለው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ለፎቶው ሥራ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለ720 ፎቶ ግን 2 ጊጋ ባይት ያህል ባዶ ቦታ ማስለቀቅ ብልህነት ነው።

የመስኮት ብርሃን አይታመንም። ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይበራል፤ ክሊፑ ሲታይ መብራት እንደሚጠፋና እንደሚመጣ ቤት ይሆናል። መጋረጃው ይዘጋና አንድ አምፖል ይብራ፤ መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከመጀመሪያው ይመረጥ። ነጭ ሸሚዝ ብርሃን ስለሚመልስ ልጆቹ ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ።

አምስት ልጆች ካሉ አምስት ሥራ አለ። አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዷ ታነሳለች፣ አንዱ ሳጥኖቹን እየተከተለ ይቆጥራል፣ አንዷ ብርሃኑን ትጠብቃለች፣ አምስተኛው ቀጣዩን ዕቃ ያዘጋጃል። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት አንሺዋ «እጅ ወጣ?» ትላለች፤ «ወጣ!» ሳይባል አይነሳም። ግማሽ ሰዓት በሞላ ቁጥር ሥራ ይቀያየሩ፤ አለዚያ ቆጣሪው ይሰለቻል፣ አንቀሳቃሹም ጌታ ይሆናል።

መቼ ይሠራ?

እዚህ ላይ ወላጅ ድርሻ አለው። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ትምህርቱ ከሚጠብቅበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ በብዙ ቤት ልጆችም ያግዛሉ። ሦስቱ ቅዳሜዎች መከታተል የለባቸውም። ዘፈኑ በጥቅምት ቢቀዳ፣ አቦሉ እሸቱ በቀላበት በኅዳር በአንድ ቅዳሜ ይነሳል። ቶናና በረካ እስከ መንፈቀ ዓመት ዕረፍት ይቆያሉ፤ የተቆላ ቡናና ጀበና ወቅት አይጠብቁም። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ካሉ ከዕረፍቱ ወዲያ ምንም ሥራ አይተርፍ።

ወላጅ ስልኩን ሲያውስ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ዘፈኑ አልቋል? ሳጥኖቹ ተሞልተዋል? በስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ? ሦስቱንም የመለሱ ልጆች ስልኩ ይገባቸዋል። ካልመለሱ «አይሆንም» ከማለት ይልቅ «ሳጥኑን ሞልታችሁ ኑ» ማለት ይበቃል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። የተንጋደደች ሲኒ የልጆቹ ሲኒ ናት።

ሲያልቅ ጎረቤት ይጠራ፣ ቡና ይፈላ፣ ክሊፑም ይታይ። አንድ ደቂቃ ናት፤ አቦሉ ሳይቀዳ ታልቃለች። «ድገሙት» የሚል አይጠፋም። በየዓመቱ ሲለቅሙት፣ ሲያሰጡትና ሲቆሉት የኖሩት ፍሬ ተሰልፎ ሲጨፍር እያዩ ዝም የሚሉ እናትም ይኖራሉ። ልጁ ያን ጊዜ ስልኩን ይመልስልዎታል፤ ባትሪው ግን አልቆ ይሆናል።